ሰው ከሥራው ቢሰናበት አእምሮው አይሰናበት

በአገራችን ሽምግልና የዕድሜ ስም ብቻ አይደለም፤ የሥራም ስም ነው። የተጣሉ ሰዎች የሚታረቁት በሽማግሌ ነው፤ ልጅ ለጋብቻ የሚጠየቀው ሽማግሌ ተልኮ ነው፤ የወሰን ክርክር በተነሣ ጊዜ የጥንቱን ምልክት እንዲናገር የሚጠራው ዕድሜ የጠገበ ሰው ነው። በቤተ ክህነትም እንደዚሁ ንባቡ ቢያጠራጥር፣ ዜማው ቢያከራክር ወደ አረጋዊው መምህር ይኬዳል። ይህ ሁሉ ክብር የተሰጠው ግን ለነጭ ጠጕር አይደለም፤ ጠጕርማ ላላዋቂም ይነጣል። ክብሩ የተሰጠው ብዙ ዘመን አይቶ፣ ያየውን አስታውሶ፣ ያስታወሰውን አመዛዝኖ ለሚናገር አእምሮ ነው። ስለዚህ ሽምግልናን እናከብራለን የምንል ሰዎች ሁሉ ክብሩ የቆመበትን መሠረት፣ ማለት የሽማግሌውን አእምሮ፣ እንዴት አድርገን እንደምንጠብቅ ልናስብበት ይገባናል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች በመካከላችን ይገኛሉ። አንደኛው፣ ሰው ካረጀ መርሳትና መጃጀት የማይቀርለት ዕዳ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በጕልማሳነቱ የደከመ ሰው በእርጅናው አእምሮውን ከማናቸውም ሥራ ማሳረፍ ይገባዋል የሚለው ነው። የመጀመሪያው አስተያየት በሽተኛውን ያለ ሐኪም ያስቀረዋል፤ ሁለተኛው ጤነኛውን ያለ ሥራ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም በፍቅርና በአክብሮት የሚነገሩ ስለ ሆኑ ጕዳታቸው ቶሎ አይታወቅም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሁለቱም ከእውነት የራቁ መሆናቸውን ማስረዳትና፣ በእርጅና ጊዜ አእምሮ የሚጠበቀው በማረፍ ሳይሆን በመሥራት መሆኑን ማሳየት ነው።

አስቀድሞ ዕድሜ በአእምሮ ላይ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የአንድ ሙሉ ሰው አንጎል ክብደቱ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ነው። ይህም ከሰውነት ክብደት ከመቶ 2 እጅ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያወጣው ኀይል ከመቶ 20 ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ አካል በመጠኑ እያነሰ፣ ሥራውም እየዘገየ ይሄዳል። የሰው ስም በቶሎ አይመጣም፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መሥራት ያስቸግራል፤ አዲስ ነገር ለመያዝም ብዙ መደጋገም ያስፈልጋል። ይህ በሽታ አይደለም። በሌላ በኩል የቃላት ዕውቀት፣ የሙያ ዕውቀትና ከብዙ ዘመን ልምድ የተገኘ ማስተዋል ጤና ባለው ሽማግሌ ዘንድ እስከ ረጅም ዕድሜ ጸንተው ይኖራሉ። ያረጀ በቅሎ ርምጃው ቢዘገይም መንገዱን አይስትም እንደማለት ነው።

እንግዲህ የጎረቤቱ ስም ለጊዜው ጠፍቶበት ቆይቶ የመጣለት ሰው አይስጋ። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ከተመላለሰበት ቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቱ መመለስ የተሳነው፣ አንዱን ጥያቄ ባንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ የሚጠይቅ፣ ሲያስተዳድረው የኖረውን ገንዘብ መቍጠር ያቃተው፣ ጠባዩም ያለ ምክንያት የተለወጠ ሰው ሕመም እንዳለበት መጠርጠር ይገባል። አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ማስታወስ ተስኗት የሞተችውን የአንዲት ሴት አንጎል በማጕሊያ መነጽር መርምሮ፣ በውስጡ እንግዳ የሆነ ዝቃጭና የተወሳሰበ ክር የመሰለ ነገር ማግኘቱን ለሐኪሞች ጉባኤ ገለጸ። ይህች ሴት ወደ ሆስፒታል በገባች ጊዜ ዕድሜዋ 51 ዓመት ብቻ ነበር። ይህም ነገሩ የእርጅና ዕዳ ሳይሆን የታወቀ ምልክት ያለው በሽታ መሆኑን አስረዳ። ዛሬ የመርሳት በሽታ ከሚባሉት ሁሉ የሚበዛው በዚሁ ሐኪም ስም የሚጠራው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው፤ በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ በሽተኞች ይጨመራሉ። ከነዚህም ከመቶ 60 የሚበልጡት የሚኖሩት ሀብታቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ስለዚህ ይህ የባለጠጎች አገር በሽታ ነው፣ እኛን አይነካንም ብሎ መተው አይቻልም።

ደግነቱ ነገሩ ሁሉ ከሰው እጅ የወጣ አይደለም። «ላንሴት» የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የሰበሰባቸው ሊቃውንት በ2024 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ቃል፣ ሰው ሊጠነቀቅባቸው የሚችል 14 ምክንያቶችን ቈጥረዋል። እነርሱም የትምህርት ማነስ፣ የጆሮ መክበድ፣ ያልታከመ የዓይን መድከም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ በደም ውስጥ የሚበዛ ጎጂ ኮሌስትሮል፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ያለ እንቅስቃሴ መኖር፣ ትምባሆ፣ መጠጥ ማብዛት፣ በራስ ላይ የደረሰ አደጋ፣ የሐዘን ስሜት በሽታ፣ ከሰው ተለይቶ ብቻ መኖርና የአየር መበከል ናቸው። እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ ከመቶ 45 የሚሆነው የመርሳት በሽታ ሊከለከል ወይም ሊዘገይ ይችላል ይላሉ። የቀረው ግን ዛሬ በሚታወቅ ጥንቃቄ የሚከለከል አይደለም። ብዙ የተማሩና ብዙ የተጠነቀቁ ሰዎችም ታመዋል፤ ስለዚህ በታመመው ላይ «ሰንፎ ነው» ብሎ መፍረድ ግፍ ነው።

ከ14ቱ መካከል ትምህርት መቈጠሩን ልብ ማድረግ ይገባል። ለቤተ ክህነት ሰዎች በተለይ የሚስማማ አንድ ምሳሌ በዚህ ላይ አለ። ዴቪድ ስኖውደን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ የሚኖሩ የአንድ ካቶሊካዊ ማኅበር ደናግል የሆኑ 678 መነኮሳይያትን አእምሮ ያጠና ነበር። ሁሉም ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ ነበር። በየጊዜው የማስታወስና የማሰብ ፈተና ይፈተኑ ነበር፤ ከሞታቸውም በኋላ አንጎላቸው እንዲመረመር በፈቃዳቸው ተስማሙ። ኑሯቸው፣ ማዕዳቸውና ሥራቸው ተመሳሳይ ስለ ነበረ፣ ልዩነት ቢገኝ ምክንያቱን ለመፈለግ የተመቸ ነበር። ከነዚህም አንዳንዶቹ ወደ ማኅበሩ በገቡ ጊዜ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ያህል ዕድሜያቸው፣ የሕይወት ታሪካቸውን ባጭሩ ጽፈው ነበር። ጽሑፉ ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ ሲመረመር፣ በወጣትነታቸው አሳብ የበዛበትና የተሳሰረ ዐረፍተ ነገር የጻፉት በእርጅናቸው በመርሳት በሽታ የተያዙት ጥቂት ሆነው ተገኙ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው አንዲት ከ101 ዓመት በላይ የኖሩ መነኮሳይት ነገር ነው። ከሞታቸው በኋላ አንጎላቸው ሲታይ የበሽታው ምልክት በብዙ ተገኘበት፤ ነገር ግን በሕይወት ሳሉ ፈተናውን በመልካም ውጤት ያልፉ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሊቃውንቱ የሚሰጡት ትርጓሜ የእኛን ገበሬ የጎተራ ልማድ የሚመስል ነው። በመኸር ጊዜ ጎተራውን የሞላ ገበሬ አይጥና ነቀዝ ጥቂት ቢበሉበትም ክረምቱን ያልፋል፤ ያልሞላው ግን በጥቂቱ ጕድለት ይራባል። እንደዚሁም በትምህርት፣ በሥራና በጨዋታ አእምሮውን ሲያካብት የኖረ ሰው፣ በሽታው አንዱን መንገድ ቢዘጋበት በሌላው የሚያልፍበት መተላለፊያ አለው ማለት ነው።

ታዲያ ስድሳ ወይም ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ዘመኑ አለፈብኝ ይበልን? አይበል። በዚያው በአሜሪካ 2,832 የሆኑ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የነበረ ሰዎች ተመርጠው፣ አንዱ ወገን ማስታወስን፣ ሁለተኛው ማመዛዘንን፣ ሦስተኛው ያዩትን ፈጥኖ መለየትን ለጥቂት ሳምንታት ያህል ተማሩ፤ አራተኛው ወገን ግን ምንም አልተማረም። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በወጣው ቃል፣ ማመዛዘንንና ፈጥኖ መለየትን የተማሩት ጥቅሙ አሁንም እንዳልጠፋባቸው ታወቀ። ስለዚህ የሸመገለ አእምሮ ይማራል። ነገር ግን ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ነገር ታወቀ፤ ይኸውም እያንዳንዱ የተሻሻለው በተማረው ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ማስታወስን የተማረው በማመዛዘን አልበለጠም። ዛሬ አእምሮ ያሰላል እየተባለ በስልክ የሚሸጠው ጨዋታም ተጫዋቹን በዚያው ጨዋታ ብልህ ያደርገው ይሆናል፤ የቤቱን ጕዳይ በማስተዳደር ብልህ ያደርገዋል ብሎ ማመን ግን አይገባም። እንግዲህ አእምሮውን ሊሠራበት የሚወድ ሽማግሌ ለራሱም ለሌላውም የሚጠቅም እውነተኛ ሥራ ይምረጥ።

ለዚህ ሥራ ከሩቅ አገር መምህር ማስመጣት አያስፈልገንም። የአባቶቻችን ትምህርት ቤት ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ሲያሻግር፣ አእምሮን ከመያዝ ወደ መፍጠር፣ ከመፍጠር ወደ መመርመር የሚያወጣ ደረጃ ነው። የለመዱትን በቃል መድገም ለጸሎት የሚሰጠው ጥቅም በሌላ ሚዛን የሚመዘን ስለ ሆነ እዚህ አንናገርበትም። ለአእምሮ ሥራ ብቻ የተመለከትነው እንደ ሆነ ግን፣ አፍ ለምዶት ልብ ሳያስበው የሚወርድ ነገር አእምሮን ብዙ አያደክመውም። ቅኔ ግን ሌላ ነው። ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እንኳ ግሱን፣ ሰዋስውን፣ የዜማውን ልክ፣ ሰሙንና ወርቁን ባንድ ጊዜ ይዞ ማሰብን ይጠይቃል፤ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስማ ምን ይነገርለታል! ደግሞም የትናንቱን ለዛሬ ማምጣት ነውር ስለ ሆነ በየጊዜው አዲስ ማግኘት ግድ ነው። በዚህ ሥራ የኖረ አረጋዊ መምህር ተማሪው ሲቀኝ ስሕተቱን ለማረም ከተማሪው ቀድሞ መገኘት አለበት። ማስተማር ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለመምህሩም ሥራ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ሰባ ዓመት ሞልቶታል ብሎ መምህሩን ከጉባኤው ማራቅ ግን ጉባኤውን ዕውቀት ያሳጣዋል፤ መምህሩንም ይህን ሥራ ያሳጣዋል።

አሁን ደግሞ ወደ መንግሥት ሠራተኛው እንመለስ። በአገራችን ለመንግሥት ሠራተኛ የተወሰነው የጡረታ ዕድሜ በአብዛኛው 60 ዓመት ነው። ትናንት ደብዳቤ ሲመራ፣ ባለ ጕዳይ ሲያነጋግር፣ በክርክር መካከል ሲፈርድ የነበረ ሰው፣ በማግሥቱ የሚጠብቀው ፋይል የለም፤ አሳቡን የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ቀኑንና ወሩን እንኳ እንዲያስታውስ የሚያስገድደው ነገር የለም። ይህ ለውጥ በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው ነገር በእንግሊዝ አገር ተጠንቷል። በለንደን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ 10,308 ሠራተኞች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዘመን ሲመረመሩ ኖረዋል። በ2018 በወጣው ቃል እንደ ተገለጸው፣ የሰሙትን ቃል የማስታወስ ኀይላቸው ከጡረታ በኋላ የቀነሰበት ፍጥነት ከጡረታ በፊት ከነበረው በ38 ከመቶ በልጦ ተገኘ። በሌላው የአእምሮ ሥራ ላይ ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። በከፍተኛ ማዕርግ የነበሩት በሥራ ላይ ሳሉ የማስታወስ ኀይላቸው ተጠብቆላቸው ነበር፤ ሥራውን በተዉ ጊዜ ግን ይህ ጥበቃ አብሮ ቀረ። እንግዲህ አእምሮውን ይጠብቅለት የነበረው ማዕርጉ ሳይሆን ሥራው እንደ ነበረ መገመት ይቻላል።

ይህን ብለን ሰው እስኪሞት በወንበሩ ላይ ይቀመጥ ማለታችን አይደለም፤ ወንበር ለተተኪው መልቀቅ ሕግም ነው፣ ደግነትም ነው። የምንለው ወንበሩን ሲለቅ ሌላ ሥራ ይያዝ ነው። የሮማው ሹም ካቶ የግሪክን ትምህርት በሽምግልናው እንዳጠና የጥንት ጸሐፊዎች ነግረውናል። ከራሳችን አገር ብንፈልግ ደግሞ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን እናገኛለን። በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገራቸውን ካገለገሉ በኋላ ብዕራቸውን አላስቀመጡም፤ «የልም እዣት» የተባለው መጽሐፋቸው በ1980 ዓ.ም. ወጣ፤ ስለ ጦርነቱ ዘመን የጻፉት «ትዝታ» የተባለውም በ1985 ዓ.ም. ሲወጣ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፎ ነበር። እንደዚሁም መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ እርሳቸው ሲያርፉ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ደስታ ተክለ ወልድም የራሳቸውን ታላቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋ አዛውንት ነበሩ። መዝገበ ቃላት መጻፍ በየቀኑ ማስታወስን፣ ማነጻጸርንና መወሰንን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሁሉም ሰው መዝገበ ቃላት ይጻፍ አይባልም፤ ነገር ግን የሠራበትን መሥሪያ ቤት ታሪክ የማያውቅ ጡረተኛ፣ የአውራጃውን ወግ የማያውቅ የቀድሞ ዳኛ አለን? ይህን ጽፎ ማስቀመጥ ለእርሱ የአእምሮ ሥራ፣ ለተተኪው የዕውቀት ርስት ይሆናል።

አእምሮ ያለ ሥጋ የሚቆም አይደለምና የሥጋውንም ነገር ባጭሩ እንናገር። በአሜሪካ 120 ሽማግሌዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ያህል እንዲራመዱ፣ ግማሾቹ ሰውነታቸውን ብቻ እንዲያፍታቱ ተደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ የተራማጆቹ አንጎል የማስታወስ ሥራ በሚሠራበት ክፍል ከመቶ 2 ያህል ሲጨምር፣ የሌሎቹ ከመቶ 1.4 ቀነሰ፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ታትሟል። በፊንላንድ አገርም ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆነ 1,260 ሰዎች በተጠኑበት ምርመራ፣ መልካም ምግብን፣ እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ልምምድንና የደም ግፊት ክትትልን ሁለት ዓመት አስተባብረው የያዙት፣ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው በማሰብ ፈተና ብልጫ አሳይተዋል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ በመኪና ካላደረስንህ ብለን አናስቸግረው።

ጆሮና ዓይንም የአእምሮ በሮች ናቸው። ጆሮው የከበደ ሰው የሚነገረውን ስለማይሰማ ከጨዋታ ይርቃል፤ ከጨዋታ የራቀ ብቻውን ይሆናል፤ ብቻውን የሆነ አእምሮ ደግሞ የሚሠራበትን ነገር ያጣል። ስለዚህ የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ ወይም የዓይን ሞራ ማስገፈፍ የቅንጦት ነገር ተደርጎ አይታይ። የደም ግፊት ደግሞ ሕመም ሳያሰማ ለዘመናት የአንጎልን የደም ሥሮች የሚጎዳ ስለ ሆነ፣ ከአርባ ዓመት ጀምሮ ማስለካት ይገባል። በእርጅና ተጠንቅቄ እኖራለሁ የሚል ሰው ጥንቃቄውን በጕልማሳነቱ ካልጀመረ ብዙውን ጊዜ ያመልጠዋል።

በመጨረሻም «ዕድሜው ነው» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናርቅ። ሽማግሌው በድንገት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ መርሳትና መደናገር ቢጀምር፣ ምክንያቱ የሚታከም ነገር ሊሆን ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የሐዘን ስሜት በሽታ፣ የሽንት ወይም የሳንባ ምች፣ ወድቆ ራሱን ተመትቶ ከአንጎል ላይ የፈሰሰ ደም፣ ወይም ከተለያዩ ሐኪሞች የተሰጡ መድኀኒቶች መደራረብ እንዲህ ያደርጋሉ። የቫይታሚን ቢ12 ጕድለትም አንዱ ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቍላልና ከወተት ነው፤ በብዙ ሽማግሌዎች ደግሞ ጨጓራ ስለሚደክም የበሉትን ሰውነት በሚገባ አይቀበለውም። በዚህ ጾም ይጎዳል ማለታችን አይደለም። የዓመቱን ብዙ ቀን የሚጾሙ አረጋውያን ካህናት ግን ደማቸውን ማስመርመራቸው መልካም ነው፤ ጕድለቱ ቢገኝ በመርፌ ወይም በኪኒን የሚሞላ ነውና።

የቤተ ሰብም ፈንታ ቀላል አይደለም። ልጆች ወላጆቻቸውን ያከበሩ መስሏቸው ገንዘብ መቍጠሩን፣ ገበያ ማዘዙን፣ እንግዳ መቀበሉን ሁሉ ከእጃቸው ሲወስዱ፣ አእምሯቸው የሚሠራበትን መሣሪያ እየወሰዱባቸው መሆኑን አያስተውሉም። መርዳት የሚገባው የተሳነውን ነገር ብቻ ነው፤ የሚችለውን መተው ይሻላል። የልጅ ልጆች ታሪክ ይጠይቁት፤ እርሱም ፊደል ያስቈጥራቸው፤ ከእነርሱም የስልኩን አሠራር ይማር። መሥሪያ ቤቶች አንድ ታላቅ ሠራተኛ ሲሰናበት ካባ ደርበው ከመሸኘት ጋር፣ በወር አንድ ጊዜ እንኳ መጥቶ ወጣቶቹን እንዲያስተምር ቢያደርጉ፣ አድባራትና ገዳማትም አረጋውያን መምህራንን ከጉባኤ ሳያርቁ ቢጦሩ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ የሁለት ወገን ይሆናል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያላችሁ ሹማምንትና መምህራን ሆይ፤ የምትሰናበቱበት ቀን ሳይደርስ ከዚያ በኋላ የምትሠሩትን አሁኑኑ አስቡበት። መማር የምትወዱትን ቋንቋ፣ መጻፍ የሚገባችሁን ታሪክ፣ ማስተማር የምትችሉትን ልጅ ካሁኑ ምረጡ። አገር ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን አውጥታ ያስተማረችውን አእምሮ በስድሳ ዓመቱ ከበራፍ ላይ አስቀምጦ ማደብዘዝ ለባለቤቱም ለአገርም ጕዳት ነውና።